የመኪና ጥያቄዎቻችሁ፦ በ14,000 ኪሎ ሜትር ሁለቴ ያለቀ ጎሚኒ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለቤተሰብ የምንጠቀምባት ቶዮታ ቪትዝ አለችን። ቤታችን ከለገጣፎ ወደ ውስጥ ገባ ይላል፤ ከአስፋልቱ እስከ በራችን 2.5 ኪሎ ሜትር ነው፤ 1.5ቱ ኮብልስቶን፣ የቀረው ጠጠር። መኪናዋ በቀን ሁለት ጊዜ ወጥታ ትገባለች። በሁለት ዓመት የነዳናት 14,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ሆኖም የፊት የታችኛው ብራቾ (ጎማውን ከሻንሲው የሚያያዘው ክንድ) ጎሚኒዎች (የመገጣጠሚያው ላስቲኮች) ከተቀየሩ በስድስት ወራቸው እንደገና ተቀደው ተገኙ። አሁን ደግሞ የቀኙ የፊት አሞርዛተር (የሞላውን መንጠር የሚያበርደው ዘይት ያለበት ቱቦ) ዘይት ያፈሳል። ከፍ እንድትል ብለን ሞላው መሀል ላስቲክ አስገብተናል። የተሸጠልን ዕቃ ፎርጅድ ይሆን? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ዕቃው ፎርጅድ ሊሆን ይችላል። እኛ ግን አስቀድመን የምንጠረጥረው አገጣጠሙን ነው።

መጀመሪያ ኪሎ ሜትሩን ለይተን እንቁጠረው። 2.5 ኪሎ ሜትር በቀን አራት ጊዜ ሲታለፍ 10 ነው። በዓመት 300 ቀን ብንል 3,000፣ በሁለት ዓመት 6,000 ይሆናል። ስለዚህ ከ14,000ው ከ100 እጅ 40 በላይ የሚሆነው የተነዳው በኮብልስቶንና በጠጠር ላይ ነው። አንዱ የኮብልስቶን ድንጋይ ጎኑ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ጎማው አንድ ጊዜ ብቻ ሲያልፍ 15,000 ያህል ድንጋይ ይረግጣል። በቀለበት መንገድ 14,000 ከሄደች መኪና ጋር አታወዳድሯት። በዚያ ላይ ላስቲክ የሚያረጀው በዕድሜም ነው፤ ቆጣሪው ትንሽ ቢያሳይም መኪናዋ ከተሠራች 15 ዓመት ካለፋት የፋብሪካው ላስቲክ ደርቋል።

ይህ ሁሉ ግን የመጀመሪያዎቹን ጎሚኒዎች እንጂ በስድስት ወር ያለቁትን አዲሶቹን አያስረዳም። ጎሚኒ እንደ ኩሽኔታ አይሽከረከርም። ውስጡ የብረት ቱቦ፣ ውጪው የብረት ቀለበት ነው፤ መሀል ላይ ከሁለቱም የተጣበቀ ላስቲክ አለ። ቡሎኑ ሲጠብቅ ቱቦው ከሻንሲው ጋር ተነክሶ ይቀራል፤ ብራቾው ሲወጣና ሲወርድ የሚጠመዘዘው ላስቲኩ ነው። መኪናዋ በክሪክ ተነስታ፣ ጎማዋ ተንጠልጥሎ ሳለ ቡሎኑ ከጠበቀ ላስቲኩ የሚያርፈው በዚያ በተንጠለጠለበት ቦታ ላይ ብቻ ነው። መሬት ስትወርድ ይጠመዘዛል፤ ግቢ ውስጥ ቆማ እንኳ ተጠምዝዞ ያድራል። አንድ ጉድጓድ ሲጨመርበት ይቀደዳል። ብዙ ጋራዥ ሥራውን ለማፍጠን የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ሲቀየር አጠገቡ ቁሙ። መኪናዋ ከመነሳቷ በፊት ሜዳ ላይ ቆማ ከጎማው መሀል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እስከ ጭቃ መከላከያው ጠርዝ ድረስ በሜትር ለኩና ጻፉ። አዲሱ ጎሚኒ ሲገባ ቡሎኖቹ በእጅ ያህል ብቻ ይያዙ። ከዚያ ብራቾው ጫፍ ላይ፣ ቦል ጆይንቱ (ብራቾውን ከጎማው በኩል የሚያያዘው ኳስ መሰል መገጣጠሚያ) አጠገብ፣ ሁለተኛ ክሪክ ይግባና የጻፋችሁት ልክ እስኪመጣ ይነሳ። ሻንሲው ስር መቆሚያ ሳይደረግ ማንም ከስር እንዳይገባ። የመጨረሻው ማጥበቅ የሚደረገው ያኔ ነው፣ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ)፣ በፋብሪካው ልክ።

ነገር ግን ይህን ከማድረጋችሁ በፊት ሞላው መሀል ያለው ላስቲክ ይውጣ፤ አለዚያ ልኩ ራሱ የተሳሳተ ይሆናል። ላስቲኩ የሞላውን አንድ ሁለት ቀለበት ስለሚያስር ሞላው ይደርቃል። አሞርዛተሩም መሀል ላይ መቆም ሲገባው ወደ መጨረሻው ተዘርግቶ ይቆማል፤ ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ዘንጉ ከውስጥ ጫፉን ይመታል። ከፍታ ለማግኘት የምትከፍሉት ዋጋ ይኸው ነው፤ በእኛ አስተያየት አያዋጣም።

አሞርዛተሩ ላይ አቧራ የያዘ ስስ እርጥበት ብቻ ካለ አትቸኩሉ። ዘይቱ እስከ ታች ወርዶ ከሆነ ግን አልቋል፤ ግራና ቀኙ አብረው ይቀየሩ። የተሰበረ የአቧራ መሸፈኛ፣ የተፈረፈረ የመጨረሻ ማቆሚያ ላስቲክና ያለቀ የላይኛው መቀመጫ እንዳለ ሆኖ አዲስ አሞርዛተር መግጠም ገንዘብ መጣል ነው፤ አቧራው ዘንጉን ጭሮ ዘይቱን የሚይዘውን ማኅተም ያበላሻል። ሞላው የሚፈታው በሞላ መጭመቂያ ብቻ ነው፤ በገመድ አስረው የሚፈቱ ካሉ ከአጠገባቸው ራቁ። ከሱማሌ ተራ ያገለገለ አሞርዛተር ብትገዙ ዘንጉን በጥፍራችሁ ዳብሱት፤ ጭረት ካለው ተዉት። አቁማችሁ እስከ ታች ስትጫኑት ያለ መዝለል፣ እኩል ሊከብዳችሁ ይገባል። ያገለገለ ጎሚኒና ቦል ጆይንት ግን በምንም ዋጋ አይገዛም።

ድምፁም ይጠቁማል። ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ስትሄዱ ቶሎ ቶሎ ኳ ኳ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የስታብላይዘር ሊንክ (መኪናዋ ወደ ጎን እንዳታጋድል የሚይዘውን ዘንግ የሚያያዘው አጭር ብረት) ነው። ፍሬን ስትይዙ አንዴ ጓ ካለ ወደ ብራቾው ጎሚኒ ተመልከቱ። መኪናዋ ቆማ መሪ ስታዞሩ ሞላው እየዘለለ የሚጮህ ከሆነ ከሞላው በላይ ያለው ኩሽኔታ ነው።

ጎሚስታ ቤት ንፋስ ሲሞላ 40 ፒኤስአይ እና ከዚያ በላይ የማድረግ ልማድ አለ፤ ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ ምቱን ሁሉ ወደ ጎሚኒ ያስተላልፋል። ልኩ በሾፌሩ በር መቃን ላይ ተለጥፏል፤ ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ይለካ። ላቫጆ ላይ ከስር ናፍጣ አታስረጩ፤ ላስቲክ ያሳብጣል። ስፒድ ብሬከር ላይ ደግሞ ፍሬኑን ከጉብታው በፊት ጨርሱና ጎማው ሊነካው ሲል ልቀቁ። ፍሬን እንደተያዘ ከተመታ የፊቱ ሞላ ቀድሞ ስለተጨመቀ ምቱን የሚቀበልበት ቦታ አይተርፈውም።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪናዬ 9,000 ኪሎ ሜትር ሳትሞላ የኋላ ጎማዎቿ በውስጥ በኩል አለቁ። (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ እጃችሁን ጎማው ላይ ከውጪ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጪ አንሸራትቱ። በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ፣ በሌላው እንደ መጋዝ የሚቧጭር ከሆነ ጎማዎቹ እርስ በርስ ትይዩ አይደሉም፤ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) ያስተካክለዋል። ሁለቱም አቅጣጫ ልስልስ ሆኖ ውስጡ ብቻ ካለቀ ጎማው ወደ ውስጥ አዘንብሏል፤ የተጣመመ ብራቾ ወይም የወረደ ሞላ ፈልጉ። ያለቀ ጎሚኒ እያለ አላይመንት ማሠራት ከንቱ ነው። ከማሽኑ የፊትና የኋላ ቁጥሮች ከማስተካከሉ በፊትም በኋላም ታትመው ይሰጧችሁ።

አዲስ ጎማ ስትገዙ ከመጠኑ ቀጥሎ የተጻፈውን የክብደት ቁጥር እዩ። 91 የሚለው ጎማ የሚሸከመው 615 ኪሎ፣ 100 የሚለው 800 ኪሎ ነው። ባትሪ ለተሸከመች መኪና መጠኑ ስለገጠመ ብቻ ዝቅ ያለ ቁጥር አትቀበሉ።