የቼ ምስል ያለበት ኖት ሁሉ ቼ የፈረመበት አይደለም

አጎትህ ኩባ ተምሮ ሲመለስ ያመጣውን የ3 ፔሶ ኖት ፎቶ በደንብ አየሁት። «ቼ ጉቬራ ራሱ የፈረመበት ነው ይሉኛል፤ እውነት ነው ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ወንድሜ፣ አይደለም። ምስሉ የቼ ነው፤ ጀርባው ላይ ሸንኮራ አገዳ የሚቆርጠውም እርሱ ነው። ነገር ግን ይህ ኖት መውጣት የጀመረው በ1983 ነው፤ ቼ ደግሞ ቦሊቪያ ውስጥ የተገደለው በ1967 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ቼ የኩባ ብሔራዊ ባንክ ፕሬዚዳንት የነበረው ከ1959 መጨረሻ እስከ 1961 መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ፊርማውን የምትፈልገው 1960 ወይም 1961 በሚል ዓመት የታተመ ኖት ላይ ነው። በኖቱ ላይ ሁለት ፊርማዎች አሉ፤ «ፕሬሲዴንቴ ዴል ባንኮ» (የባንኩ ፕሬዚዳንት) ከሚለው ማዕረግ ጋር ያለውን ተመልከት። ሙሉ ስሙን አልጻፈም፤ «ቼ» ብቻ ነው። ፊርማው ከኖቱ ጋር አብሮ የታተመ ነው። በእስክሪብቶ ቀለም የተጻፈ «ቼ» ካየህ ተጠራጠር፤ ሻጮች ራሳቸው የሚጨምሩት አለና በአጉሊ መነጽር ሳታየው ገንዘብህን አታውጣ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዓመቱ ነው። የ1961ዱ ዓይነት ኖት በዚያው ንድፍ በ1964 እና በ1965ም ታትሟል፤ በእነዚያ ላይ የቼ ፊርማ የለም። ንድፉን አይቶ ብቻ የሚገዛ ሰው በጣም የተለያየ ዋጋ ያላቸውን ኖቶች ያምታታል።

የ1961ዱ ኖት ታሪክ እኔን ሁልጊዜ ይማርከኛል። ቼኮዝሎቫኪያ ውስጥ በምስጢር ታትሞ መጣ፤ በነሐሴ 1961 መንግሥት በድንገት አሮጌውን ገንዘብ በሁለት ቀን እንዲቀየር አዘዘ። ከአገር የሸሹት ሰዎች ይዘውት የወጡት ፔሶ በዚያው ዋጋ አጣ። የ1 ፔሶውን ጀርባ ገልብጠህ ብታይ ፊደል ካስትሮ ሃቫና ሲገባ የሚያሳይ ሥዕል ታገኛለህ። በ20 ፔሶው ላይ ያለው የኩባ አብዮት ታጋዩ ካሚሎ ሲየንፉዌጎስ ነው፤ በዚህ ኖት ላይ ተከታታይ ቁጥሩ በኤፍ 69 ወይም በኤፍ 70 ከጀመረ ከሰብሳቢ ጋር ሳትማከር አትሽጠው። ለአሳማዎች ባሕረ ሰላጤ ወረራ (አሜሪካ ደግፋ በኩባ ላይ ለተሞከረው፣ ግን ላልተሳካው ወረራ) በአሜሪካኖች እንደተሠሩ የሚታመኑት ሐሰተኛ ኖቶች እነዚህ ናቸው፤ ሰብሳቢዎችም ይፈልጓቸዋል።

ለትምህርት ወደ ኩባዋ የወጣቶች ደሴት ከተላኩት ኢትዮጵያውያን ልጆቻችን እጅ የሚገኘው አብዛኛው ገንዘብ ግን ከ1967 በኋላ የታተመው ነው፤ ጉዞው የተጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነውና። «ባንኮ ሴንትራል ዴ ኩባ» የሚል ካለ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል፤ ማዕከላዊ ባንኩ የተቋቋመው በ1997 ነው። ቀይ «ሙዌስትራ» የሚል ጽሑፍ የታተመበት ናሙና ነው፤ የኩባ ናሙናዎች በገበያ በብዛት ስለሚገኙ ሻጩ ብርቅ ነው ቢልህ አትቸኩል።

አንድ ነገር አደራ፦ በፍጹም አታጥባቸው፣ በካውያም አትተኩሳቸው፣ የተቀደደውንም በፕላስተር አትለጥፍ። ታጥቦ የተተኮሰ ኖት ልምድ ላለው ሰው ወዲያው ይታወቃል፤ ዋጋውም ይወድቃል። እጥፋቱ እንዳለ ይቆይ።

በፖስታው ውስጥ ሌሎችም አሉ ብለሃል። የእያንዳንዱን ፊትና ጀርባ፣ ዓመቱና ፊርማዎቹ እንዲነበቡ አድርገህ ፎቶ አንሥተህ ለጥፍልን፤ አንድ በአንድ እናያቸዋለን።