«ጎጃም ውስጥ የምን ባሕር?»

ሰሞኑን አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከመርዓዊ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ የባሕር ኤሊ ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ። ቤተሰቦቼ ግን ይስቁብኛል። ጎጃም ውስጥ የምን ባሕር ይሉኛል» ትላለች። እንደ እሷ የሚሳቅባችሁ ብዙ ስለምትሆኑ መልሱን ለሁላችሁም ላድርገው።

በእኔም ተስቋል። «ዓሣ ሊቆጥር ዩኒቨርሲቲ ገባ» ተብያለሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ጣና ላይ፣ ነጭ ዓሣ የምንለውን ስከታተል ነው። የባሕር ኤሊን በቅርብ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለአጭር ሥልጠና ኬንያ የባሕር ጠረፍ፣ ዋታሙ ሄጄ።

እዚያ ኤሊ መረቡ ውስጥ የገባችበት አጥማጅ ስልክ ይደውላል። ባለሙያዎች መጥተው ይመዝኗታል፣ ቅርፊቷን ይለካሉ፣ መለያ ቁጥር አድርገውላት ይለቋታል። አጥማጁም ለድካሙ ትንሽ ብር ያገኛል። ያን ቀን እኔ ስለ ኤሊዋ በሽታ ልጠይቅ እቸኩላለሁ፣ ባለሙያዋ ግን ከአጥማጁ ጋር ስለ ልጁ ትምህርት ወሬ ይዛለች። ጊዜ የምታባክን መሰለኝ።

በሽታውን ከጠየቃችሁ፣ አረንጓዴ ኤሊ ላይ በብዛት የሚታይ ዕጢ አለ። ፋይብሮፓፒሎማ ይሉታል። በሳይንስ ከተመዘገበ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ከሄርፐስ ወገን የሆነ ቫይረስ ጋር ይያያዛል። ዓይኗ ላይ ሲበቅል ምግቧን ማየት ያቅታታል። ቀዶ ማውጣት ይቻላል። ግን የዳነችው ኤሊ ተመልሳ የምትገባው እዚያው ውሃ ውስጥ፣ እዚያው መረብ መሀል ነው። እንቁላሏም ሌላ ጣጣ አለው። የጫጩቶቹን ፆታ የሚወስነው የአሸዋው ሙቀት ነው። ከ31 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ የሚፈለፈሉት ሴቶች ናቸው። ዓለም እየሞቀች ስትሄድ ወንዱ ከየት ይምጣ? ይህንን መርፌ አይፈታውም።

እንስቷ ኤሊ እንቁላሏን ለመጣል ወደተወለደችበት አካባቢ ትመለሳለች። ይህን ስሰማ የእኛው ነጭ ዓሣ ትዝ አለኝ። ጣና ውስጥ 15 ዝርያ አለው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ስለለየው፣ ለብቻው ወደ ብዙ ዝርያ የተከፋፈለ ወገን ነው። መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ከ15ቱ 8ቱ ግን ሌላ ዓሣ እየዋጡ ነው የሚኖሩት። ይህን ሳስብ ዛሬም ይገርመኛል። ክረምቱ ሲጋመስ ብዙዎቹ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹህ ውሃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ነው። መንገዱ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ብቻ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ፣ የትልልቆቹ ብዛት 75 በመቶ ያህል ወረደ። እዚያው መርዓዊ ያለውን የቆጋን ግድብ ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ። 7,000 ሄክታር ያጠጣል፣ እሰየው ነው። ሽቅብ ለሚወጣ ዓሣ ግን ግንብ ነው።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ ግልገል ዓባይ ዳር ሰዎች የብርብራ ፍሬ ቀጥቅጠው ውሃው ውስጥ ሲበትኑ ደረስኩ። ዓሣውን አፍዝዞ ያንሳፍፈዋል፤ ትልቅ ትንሽ ሳይል። ጮህኩባቸው። ፖሊስ እጠራለሁ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ያጠመደውን የሚያሳየኝ ሰው ጠፋ። ሁለት ክረምት ሙሉ መዝገቤ ባዶ ሆነ። በሦስተኛው አንድ ሽማግሌ ታንኳቸውን ዳር አስጠግተው፣ «ልጄ፣ ዓሣውን ስትመዝን ሁለት ዓመት አየሁህ። እኔን እንዴት አደርክ ብለኸኝ ግን አታውቅም» አሉኝ። ምን እላለሁ? አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ዓሣው በየትኛው ሌሊት እንደሚወጣ፣ ጎርፉ ምን ዓይነት መልክ ሲይዝ እንደሚመለስ ያወቅኩት ከእሳቸው ነው። የዋታሙዋ ባለሙያም ያን ቀን ሥራዋ ላይ ነበረች ለካ።

ስለዚህ የኔ ልጅ፣ ኤሊውን አትተይው። ባዮሎጂ አጥኚ። ስታቲስቲክስን አትሽሺው፣ እኔ ሸሽቼው ኋላ አሳሩን አይቻለሁ። ሕክምናው ከሆነ ልብሽ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና አለ። ውሃውና ዓሣው ከሆነ ባሕር ዳር ቅርብሽ ነው። ዋናም ልመጂ፤ ቤተሰብ ቢስቅም።

እስከዚያው ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ፣ ከታላቅ ወንድምሽ ጋር ግልገል ዓባይ ውረጂ። ቦት ጫማ አድርጊ፤ ጭቃው አይጣል ነው። ከአጥማጆቹ ጋር ሰላምታ ሳትጨርሺ ደብተር እንዳታወጪ። ስትጽፊም በእርሳስ ይሁን። እስክሪብቶ ውሃ ሲነካው ይጠፋል።