የሬዲዮውን ሥራ ያዢው

ከሐዋሳ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በጋዜጠኝነት ተመርቀሽ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ በሪፖርተርነት ሊቀጥርሽ ጠይቆሻል፤ ልብሽ ግን ያለው ዘጋቢ ፊልም ላይ ነው። «ሬዲዮ ከገባሁ እዚያው እቀራለሁ፤ ይልቅ ለካሜራ መግዣ ላጠራቅም?» ብለሻል። ያለ ደመወዝ ከምን እንደምታጠራቅሚ ግን አልነገርሽኝም።

ሥራውን ያዢ። አርአያዬ ናቸው ያልሻቸውን የሳሌም መኩሪያን መንገድ ልብ ብለሽ ተመልከቺው። በዘጋቢ ፊልም ቀዳሚ ከሆኑት ኢትዮጵያውያት አንዷ የሆኑት እኚህ ሴት በቦስተን የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ «ኖቫ» በተባለ የሳይንስ ፕሮግራም ውስጥ ለዓመታት ሠርተዋል። የሳይንስ ፕሮግራም! የልባቸው ጉዳይ የወጣው በራሳቸው ፊልሞች ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. የሠሩት «ስደት» ሱዳን ውስጥ የተጠለሉ ሦስት ሴቶችን ሕይወት ያሳያል። «የወንዝ ማዕበል» ደግሞ በአብዮቱ ዘመን ደብዛው ስለጠፋው ወንድማቸውና ስለተገደለችው የልብ ጓደኛቸው ነው። እንዲህ ያለ ፊልም የሚቆመው በሰው አንደበት ላይ ነው። ሰውን ማናገር፣ ከዚያም አፍን ዘግቶ መጠበቅ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ይከብዳል። ሬዲዮ ይህን እየከፈለ ያስተምርሻል፤ ደካማ ቃለ መጠይቅ የምትሸፍኝበት ምስል የለሽምና።

የመጀመሪያ ፊልሜ ስለ ሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ስለ ፍቼ ጨምበላላ ይሁን ብለሻል። በዓሉ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ በዕለቱ በዓሉ በሚከበርበት በጉዱማሌ ካሜራ ያልያዘ ሰው ማግኘት ይቸግራል። እኔ ብሆን ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈረቃ ወጥተው አንድ ክፍል በጋራ የሚከራዩትን ወጣት ሴቶች እመርጣለሁ። የቤት ኪራዩን እንዴት ይካፈላሉ? ለእናታቸው በስልክ የማይነግሩት ምንድን ነው? ስልክሽና ልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክሮፎን ለጊዜው ይበቃሉ። መጀመሪያ ድምፃቸውን ብቻ ቅጂ። ፊታቸውን ለማሳየት ግን ፊልሙ የት እንደሚታይ ነግረሽ አስፈቅጂ፤ አሠሪያቸው ሊያየው ይችላል።

ውሉን ከመፈረምሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂ፤ በዕረፍት ቀንሽ፣ በራስሽ መሣሪያ የቀዳሽው ድምፅ የማን ነው? መልሱን በጽሑፍ ያስፍሩልሽ።