መንጋጋው ሳይቆረጥ ልኬቱን ውሰጂ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በጥርስ ሕክምና ተመርቀሽ በክልል ከተማ የመንግሥት ሆስፒታል ሁለት ዓመት ሠርተሻል። በካንሰር ምክንያት መንጋጋቸው ወይም ላንቃቸው ተቆርጦ፣ ጨረርም ወስደው የሚመጡ ሰዎች ማኘክ ሲያቅታቸው ታያለሽ፤ ይህን ሥራ ሙያዬ ላድርገው ወይ፣ ከሆነስ ቀዶ ጥገና ልማር ወይስ ፕሮስቶዶንቲክስ (የጎደለን ጥርስና መንጋጋ በሰው ሰራሽ የመተካት ሙያ) ትያለሽ። «ግን ኢምፕላንትና ዘመናዊ መሣሪያ በሌለበት ምን ልፈይድ?» ብለሽም ትጠይቂያለሽ። አባትሽ ደግሞ ቤታቸውን አስይዘው አዲስ አበባ ክሊኒክ ሊከፍቱልሽ፣ የጥርስ ማስተካከያ ብሬስና ጥርስ ማንጣት እንድትሠሪ ይፈልጋሉ። 29 ዓመት መሙላትሽና የምትማሪበት አገርም አሳስቦሻል።

እኔን የያዘኝ ስለ ኢምፕላንት፣ ማለትም ጥርስ እንዲሸከም መንጋጋ ውስጥ ስለሚተከለው ብሎን፣ የጻፍሽው ነው። ለካንሰር ታካሚ ማኘክ የሚመለስለት በቲታኒየም ብሎን ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ጎበዝ ወጣቶችን እጃቸውን አጣጥፈው እንዲቀመጡ አድርጓል። ትልቁ ሥራ ያለው ከቀዶ ጥገናውና ከጨረሩ በፊት ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። የሚጠይቀውም አልጂኔት (የአፍ ልኬት መውሰጃ)፣ ጀሶ፣ አክሪሊክ (የሰው ሰራሽ ጥርስ ፕላስቲክ)፣ ሽቦና ቀጠሮ የሚያከብር ሐኪም ነው።

ከጨረሩ እንጀምር። የጭንቅላትና የአንገት ካንሰር ታካሚ በተለመደው አካሄድ በቀን 2 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ)፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ6 ወይም ለ7 ሳምንት ይወስዳል፤ ድምሩ ከ60 እስከ 70 ግሬይ ይደርሳል። የታችኛው መንጋጋ ከ50 ግሬይ በላይ ሲወስድ የአጥንቱ ደም ሥሮች ይጎዳሉ። ከዚያ በኋላ ጥርስ ቢነቀል ጉድጓዱ አልድን ብሎ አጥንቱ ሊሞት ይችላል፤ አደጋው ከዓመታት በኋላም አብሮት ይኖራል። ስለዚህ የጨረር ሐኪሙን ሦስት ነገር ጠይቂ፦ መጠኑ ስንት ነው፣ የትኛው ጎን ላይ ያርፋል፣ መቼ ይጀመራል። ጨረሩ በሚያርፍበት ቦታ ያለ ጥርስ ተቦርቡሮ ነርቩ ከተነካ፣ ሥሩ ብቻ ከቀረ ወይም የድዱ ኪስ 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ አሁኑኑ ይነቀል። የአጥንቱን ሹል ጠርዝ አለስልሺ፣ ድዱን ስፊው፣ ቢያንስ 14 ቀን፣ ከተቻለ 21 ቀን ይዳን። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት የአገሪቱን የጨረር ታካሚ ብቻውን ሲሸከም እንደኖረና ወረፋው ምን ያህል ይረዝም እንደነበር ታውቂያለሽ። ወረፋ ካንሰሩን ያባብሳል፤ በዚያ ላይ ሰውየው ተራ እየጠበቀ ጥርሱን የሚያይለት ካጣ ጊዜው ሁለት ጊዜ ባከነበት ማለት ነው።

ጨረሩ የምራቅ ዕጢዎችን ስለሚያደርቅ ጥርሱ ከድዱ ጋር በሚገናኝበት አንገቱ ዙሪያውን ይበሰብሳል፤ ኋላም አናቱ ቀንጠስ ይላል። ከአፉ ልኬት በሚወጣ የጀሶ ሞዴል ላይ በልኩ በተሠራ ስስ የጥርስ ሽፋን 1 በመቶ የሶዲየም ፍሎራይድ ጄል በየቀኑ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይያዝ፤ ከዚያ በኋላ ለግማሽ ሰዓት አይጉመጥመጥ፣ አይብላ። ጄሉ አሲድነት የሌለው መሆን አለበት፤ አሲዱ የደረቀውን አፍ ያቃጥላል። የአፉን መከፈትም ከላይኛው የፊት ጥርስ ጫፍ እስከ ታችኛው ለክተሽ ካርዱ ላይ ጻፊ። ከ35 ሚሊ ሜትር በታች ከወረደ ጡንቻው መጠንከር ጀምሯል። የምላስ መጫኛ እንጨቶችን ደራርቦ በቀን ደጋግሞ እንዲያፍታታ አሳዪው። ችላ ከተባለ በኋላ የልኬት ሰሃን እንኳ አይገባለትም።

የቀዶ ጥገናው ነገር ደግሞ ይበልጥ አንገብጋቢ ነው። የላይኛው መንጋጋ ከፊሉ ሊወጣ ቀጠሮ የተያዘለት ሰው ከመተኛቱ በፊት አንቺ ጋ ይምጣ። የላይና የታች ልኬቱን ውሰጂ፣ ንክሻውን በሰም መዝግቢ። ሞዴሉን ለቀዶ ሐኪሙ ሰጥተሽ የሚቆረጠውን በእርሳስ ያስምርልሽ፤ በመስመሩ ውስጥ ያሉትን የጀሶ ጥርሶች አንስተሽ፣ በቀሩት ጥርሶች ላይ የሽቦ መያዣ ያለው የአክሪሊክ ላንቃ ሥሪ። ሐኪሙ በክር ወይም በሽቦ እንዲያስረው ጠርዙን ብሳው። ታካሚው ከማደንዘዣው ሲነቃ ላንቃ አለው፤ ለመዋጥም ለመናገርም ቶሎ ይችላል። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ይወጣና በጊዜያዊው ይተካል። ቁስሉ እየጠበበ ሲሄድ በለስላሳ ማልበሻ እያስተካከልሽ ትቆያለሽ፤ ቋሚው ከ3 እስከ 6 ወር፣ ጨረር ካለ ደግሞ ዘግየት ብሎ ይሠራል።

ቋሚውን ስትለኪ ጥልቁን ክፍል ቫዝሊን በተቀባ ጎዝ ድፈኚ፣ ጎዙንም በክር አስረሽ ጫፉን ውጪ ተዪ። ካልደፈንሽው አልጂኔቱ ተቀንጥሶ አፍንጫው ውስጥ ይቀራል። ቀዳዳውን የሚሞላው ክፍል ውስጡ ባዶ ይሁን፤ ክብደቱ ወደ ታች ከጎተተው የቀሩትን ጥርሶች ነቅንቆ ይጨርሳቸዋል። አክሪሊኩን አትቸኩዪበት፤ 74 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ በፈላ ውኃ አንድ ሰዓት። ገና ከጅምሩ ካፈላሽው የአክሪሊኩ ፈሳሽ ወፍራሙ ክፍል ውስጥ አረፋ ይሠራል፤ በዚያ ቀዳዳ ፈንገስ ይገባና ይሸታል። ሲያልቅ ታካሚው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ውኃ ይጠጣ፣ ከዚያ «ዳቦ» በይው። «ናሞ» ካለሽ አየሩ አሁንም በአፍንጫው እየወጣ ነው፤ በየት እንደሚያልፍ ፈልገሽ ጨምሪበት። «ዳቦ» ሲል ጨረስሽ።

የታችኛው መንጋጋ ግማሹ ወጥቶ አጥንት ካልተተካለት የቀረው ወደ ተቆረጠው ጎን ያዘነብላል፤ ጥርስ ከጥርስ አይገጥምም። የቀረውን መንጋጋ ወደ ቦታው የሚመራውን ባለ ጎን ክንፍ መሣሪያ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከእንቅስቃሴ ጋር ካልጀመርሽለት ጠባሳው ከጠነከረ በኋላ መመለሱ እጅግ ከባድ ነው።

ኢምፕላንት አይጠቅምም አላልኩሽም። ስዊድናዊው ብሬነማርክ እ.ኤ.አ. በ1965 ጎተንበርግ ላይ ጀመረው፤ ቀዶ ሐኪሙ ሂዳልጎ በ1989 የታችኛውን መንጋጋ ከባት ጎን በሚወሰደው ቀጭን አጥንት መጠገኑን አሳየ። ሁለቱ ሲገናኙ ውጤቱ ድንቅ ነው። ነገር ግን አጥንቱ ጥርሱ የት እንደሚቆም ሳይታሰብ ከተቀመጠ፣ ብሎኑ ቢይዝ እንኳ የሚያኝክበት ቦታ ላይ አይውልም። ለዚህ ነው ከቀዶ ጥገናና ከፕሮስቶዶንቲክስ ላወዳደርሽው ፕሮስቶዶንቲክስ የምልሽ፤ የጥርሱን ቦታ አስቀድሞ የሚወስን ሰው ነው የጎደለው። እኔ ከጥርስ ላብራቶሪ የመጣሁ ሰው ስለሆንኩ ለእጅ ሥራ አደላ ይሆናል። ያም ሆኖ ከማመልከትሽ በፊት ስድስት ወር ያህል ከላብራቶሪ ባለሙያ ጎን ተቀምጠሽ በሰም መሥራትና ሽቦ ማጠፍ ተማሪ። ከዚያ በኋላ ምን ማዘዝ እንዳለብሽ ታውቂያለሽ።

አሁን አባትሽ። «የካንሰር ታማሚ ምን ይከፍላል?» ማለታቸው እውነት አለው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በሙከራ ሲጀመር ሰው ሰራሽ ጥርስን ከማስዋቢያ ቆጥሮ ከጥቅሙ ውጪ አድርጎታል፤ አንድ ላንቃ ደግሞ ብዙ ቀጠሮ ይፈጃል። በዚህ ሥራ ብቻ ቤት አይቆምም፤ የመንግሥት ደመወዝሽንም አውቀዋለሁ። የእሳቸው መፍትሔ ግን የባሰ ነው። ቤት አስይዞ የተከፈተ ክሊኒክ መጀመሪያ የሚሠራው ለባንኩ ነው። አንቺ ኦርቶዶንቲስት (ጥርስ የማስተካከል ስፔሻሊስት) አይደለሽም፤ ዕዳ እየገፋሽ ያልሠለጠንሽበትን ብሬስ ስታስሪ፣ ከልክ ባለፈ ጉልበት የልጆች ጥርስ ሥሩ ያጥራል። አባትሽን አክብሪ፣ የብድሩን ወረቀት ግን አትፈርሚ። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ማታ የሌላ ሰው ክሊኒክ ገብተሽ ተነቃይ ሰው ሰራሽ ጥርስ ሥሪ። ገቢ ይሆንሻል፤ እጅሽንም ለዚሁ ሥራ ያሰለጥናል።

29 ዓመት አልረፈደም። አገርን በተመለከተ፣ ህንድ ውስጥ የአፍ ካንሰር ታካሚ እጅግ ብዙ ነው፣ ስፔሻላይዜሽኑም 3 ዓመት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ከ3 ዓመቱ ፕሮስቶዶንቲክስ በላይ ለማክሲሎፋሻል (ለመንጋጋና ለፊት) አንድ ዓመት ይጨመራል። የትም ሂጂ፣ ታካሚውን ራስሽ ትሠሪዋለሽ ወይስ ሲሠራ ታያለሽ የሚለውን አስቀድመሽ ጠይቂ።

ለአሁኑ ለቀዶ ጥገና ክፍሉ ኃላፊ ግማሽ ገጽ ጻፊ፦ መንጋጋ ወይም ላንቃ የሚነካ ቀዶ ጥገና የተያዘለት ሰው ሁሉ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ ወደ ጥርስ ክፍል ይላክ። የምታወጪውን ሞዴል ከነንክሻው ሰም አንድ ላይ እሰሪ፤ የካርድ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የአፉን መከፈት በሚሊ ሜትር ጻፊበት፣ ደረቅ ቦታም አስቀምጪው። ሰውየው ከጨረር ሲመለስ ንክሻው የት እንደነበር የምታገኚው ከዚያ ነው።