አያቴ «ዘይ» ናቸው?

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የተውላጠ ስም ዓይነቶችን ስናጠና፣ ተማሪዎቼ ስለ አያታቸው በጻፉ ቁጥር «ሂ» (እሱ) ወይም «ሺ» (እሷ) በማለት ፈንታ «ዘይ» (እነሱ) ይላሉ። ሳርማቸው «ታዲያ አያቴን እሱ ልበላቸው?» ይሉኛል። ሌላም አለኝ፤ ለትልቅ ሰው «አንቱ» ስንል የአዲስ አበባ ዘመዶቼ ይስቃሉ። ስህተት ነው ወይ?

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር። ስህተት አይደለም። የወሎ ሰው በመሆኔ ያደላሁ ቢመስልም፣ «አንቱ» በጎንደርም በጎጃምም የሚነገር ጥሩ አማርኛ ነው። «እርስዎ» በመማሪያ መጽሐፍና በቢሮ ስለ ገነነ ነው ያኛው የገጠር የመሰለው። የሚስቁብዎት ዘመዶችዎም ቢሆኑ «አንቱ የተባለ ሐኪም» ይላሉ እንጂ «እርስዎ የተባለ ሐኪም» ሲሉ አልሰማሁም።

ልጆቹም ቢሆኑ ዝም ብለው አልተሳሳቱም። አማርኛ ሰውን የሚያከብረው በብዙ ቁጥር ነው። «እሳቸው መጡ»፣ «እነሱ መጡ»፤ ግሱ ያው ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ አንዱ ሽማግሌውን «አባባ፣ ፍየሉን ስንት ይሉታል?» ቢል፣ አክብሮቱን የያዘው «ይሉታል» ነው፤ ተውላጠ ስሙ ጭራሽ አልተነሳም። ልጁ ይህን ግስ በጆሮው ይዞ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር «ዘይ» ላይ ቢያርፍ ምን ይገርማል? የእንግሊዝኛው «ሂ» ግን ጾታና ቁጥር እንጂ ዕድሜ አይለይም፤ እሱም እሳቸውም ነው።

እንግሊዝኛም በዚሁ መንገድ አልፏል። ድሮ ለአንድ ሰው «ዛው»፣ ለብዙዎች «ዩ» ይባል ነበር። ኋላ አንዱን ሰው ለማክበር «ዩ» ማለት መጣ። አክብሮቱ ለሁሉም እየተዳረሰ ሄዶ በ17ኛው መቶ ዘመን «ዛው» ከተለመደው ንግግር ወጣ። ለልጆቹ «እንግሊዝኛ ሁሉንም ሰው አንቱ ይላል፤ አንተ የሚባል አልቀረም» ብትሏቸው ሳቅ ብለው ይይዙታል።

ጠያቂዎቹና አመልካቾቹ ብዙ አያስቸግሩም፤ ማን፣ ምን፣ ይህ፣ ያ አቻ አላቸው። «ሁ» (ማን) እና «ዊች» (የትኛው) አንዳንዴ አያያዥ ሲሆኑ ነው ጭንቁ፤ እኛ ለዚህ የቆመ ቃል የለንም፣ «የመጣው ልጅ» ብለን «የ»ን ግሱ ላይ እንለጥፋለን።

«ሂምሴልፍ»ን ደግሞ «ራሱን» እንለዋለን። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ «እርሱ» ራሱ የተገኘው ከ«ራስ» ነው፤ በግእዝ ርእስ ከምንለው። «እርሳቸው»ና «እርስዎ»ም እንደዚያው። እንግዲህ «እሱ ራሱ» ስንል ራስን ሁለት ጊዜ መጥራታችን ነው። «አንቱ» ግን የ«አንተ»ና የ«አንቺ» ዘመድ ነው እንጂ ከራስ አልመጣም።

ስለ እርማቱ፦ «ዘይ» ላይ ቀይ መስመር አያስምሩበት። ከጎኑ «ስንት አያት?» ብለው ይጻፉለት።