የጦስኝ ችግኝ፦ ከቤተ ሙከራ ወይስ ከጓሮ?

ጥያቄ፦ «ከለጋምቦ ነኝ። ድሮ ከደጃችን የምንለቅመው ጦስኝ አሁን ተራራ ካልወጡ አይገኝም። በቲሹ ካልቸር ከአንድ ተክል ብዙ ሺህ ችግኝ ይወጣል ሲባል ሰማሁ። ቤቴ ልጀምረው እችላለሁ? ወይስ ችግኙን ልግዛ?»

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። የሰማኸው እውነት ነው። ለጦስኝ ግን ቤተ ሙከራ አያስፈልግህም።

በቲሹ ካልቸር ከአንድ ተክል ትንሽ የቡቃያ ጫፍ ይወሰዳል። በአልኮልና በበረኪና ከጀርም ይጸዳል። ከዚያ ማዕድን፣ ስኳርና ሆርሞን ባለበት እንደ ጄሊ በረጋ ምግብ ላይ ይቀመጣል። አንዱ ሆርሞን ቡቃያውን ያበዛል፣ ሌላው ሥር ያስወጣል። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት የምግብ ቀመር ሙራሺጌ እና ስኩግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1962 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። በአንድ ሊትር 30 ግራም ያህል ስኳር ይገባበታል። ስኳሩን ደግሞ ሻጋታም ይወደዋል። ስለዚህ ምግቡ በ121 ዲግሪ በእንፋሎት ግፊት ይቀቀላል፣ ሥራውም በተጣራ አየር ውስጥ ይሆናል። ክፍሉ 25 ዲግሪ ገደማ ሙቀትና በቀን 16 ሰዓት ብርሃን ይፈልጋል። መብራት በሚጠፋበት ቤት ይህን መሞከር ገንዘብ መበተን ነው።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ቤተ ሙከራው የሚሰጥህ የእናቲቱን ቅጂ ነው። ከእናት ተክል ቆርጠህ የምትተክለው ቅርንጫፍም ያው ቅጂ ነው። ስለዚህ ድካምህን እናቲቱን መምረጥ ላይ አድርግ። ቅጠሉን በጣትህ እሸው። ሽታው ጠንከር ያለውን፣ በሽታ የሌለበትን ምልክት አድርግበት። ሽታውን የሚሰጠው ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባለው ዘይት ነው፤ መጠኑ ከተክል ተክል ይለያያል። ከአንድ እናት ብቻ አትውሰድ። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ አንድ በሽታ ጠራርጎ ይወስደዋል።

በማለዳ፣ አበባ ካልያዘው ለጋ ጫፍ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ቁረጥ። የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፍ። የወንዝ አሸዋና የበሰለ ኮምፖስት ቀላቅለህ ትከለው። ጥላ አብጅለት፤ አፈሩ ይርጠብ እንጂ አይጨቅይ። ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ባለው ጊዜ ቀስ ብለህ ሳብ ስታደርገው እምቢ ካለህ ሥር ይዟል። ሥሩ ላይ ውኃ ሲቆም ይበሰብሳልና መደቡን ከፍ አድርገህ ሥራ። ስትሰበስብ በማጭድ ቁረጠው፤ በፍጹም አትንቀለው። ከተራራው ላይ ያጠፋብን ይኸው ከነሥሩ መንቀሉ ነው፤ ለጎረቤቶችህም ንገርልኝ።

ታዲያ ቤተ ሙከራው ለምን ይጠቅማል? እንዶድን ውሰድ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት በታች የወንዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ብልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ የማጥፋት ምርምራቸውን የጀመሩት። እንዶድ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ነው። ፍሬ የምትሰጠው ሴቷ ናት። በዘር ብትዘራው ወንዱም ይበቅልብሃል፣ የፍሬው ኃይልም ይለያያል። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች «ዓይነት 44» የሚባለውን መርጠው ያወጡት። እንዲህ የተመረጠን ተክል ባጭር ጊዜ በብዛትና ንጹሕ አድርጎ ለማባዛት ቲሹ ካልቸር ወደር የለውም። ኮሶም እንዲሁ ወንዴና ሴቴው ይለያያል፤ መድኃኒቱ የሚገኘው ከሴቴው አበባ ነው።

አንድ ቀን የቤተ ሙከራ ችግኝ ካገኘህ ግን ተጠንቀቅ። ጠርሙስ ውስጥ ያደገ ቅጠል ድርቀት የሚከላከልበት ሰም የለውም ማለት ይቻላል። የለጋምቦ ነፋስ በሰዓታት ውስጥ ያጠወልገዋል። ሥሩ ላይ የተጣበቀውን ጄሊ በለብ ያለ ውኃ እጠብ፣ ካልታጠበ ሻጋታ ይጠራል። ንጹሕ አሸዋ ላይ ትከልና በላስቲክ ሸፍነው። ላስቲኩን መጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃ፣ ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመርክ ክፈተው። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። ብዙ ችግኝ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት «ከጠርሙስ ወጥቶ ተላምዷል ወይ?» ብለህ ጠይቅ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ውርጭ ስላለ ሜዳ አታውጣው።

በመዓዛማና መድኃኒት ተክሎች ላይ የሚሠራው የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ለአንተ ቀረብ የሚልህ ግን ሰሜን ወሎ ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ስለሆነ በወረዳህ የልማት ሠራተኛ በኩል እነሱን አስጠይቅ።