ሌንሱን ለጊዜው ተይው

ከኮምቦልቻ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የመካኒክ ሙያ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። ቅዳሜና እሁድ ሐረጎን ወጥተሽ ደሴ ላይ የሠርግ ፎቶ ታነሺያለሽ። በቅርቡ አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት አሮጌ ወፍጮውን ሊሸጥ ፈልጎ ፎቶ አንሺልኝ አለሽ። ክፍሉ ጠባብ ሆኖ ጀርባሽ ግድግዳ ነክቶ እንኳ ማሽኑ በግማሽ ወጣ። አሁን በብድር ሰፊ ሌንስ፣ ብዙ ቦታ በአንዴ የሚያሳየውን፣ ልግዛ፣ ትምህርቱንም ልተወው እያልሽ ነው።

ሁለቱንም አታድርጊ። አብሽሪ ግን፣ ሥራውን ተይ አላልኩሽም።

ሰፊ ሌንስ ክፍሉን አያሰፋውም። አጠገቡ ያለው ነገር ያብጣል፣ የራቀው ይኮሰምናል፤ ጠርዝ ላይ የወደቀ ፑሊ፣ ያ ቺንጋ የሚያዞረው ክብ፣ እንቁላል ይሆናል። በእጅሽ ባለው ሌንስ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ በቁሙ አድርገሽ፣ ከጎን ወደ ጎን እያዞርሽ አምስት ስድስት ፎቶ አንሺ። እያንዳንዱ ካለፈው ሲሶውን ይደርብ። በኋላ በኮምፒውተር ይገጣጠማሉ። ፎከሱንና ብርሃኑን በእጅ ቆልፊው። ካሜራውን ስታዞሪ ሌንሱ ከቦታው ንቅንቅ እንዳይል። ከተነቃነቀ ፊት ያለው ቺንጋ ከኋላው ግድግዳ ጋር አይገጥምም።

ፍላሹን አጥፊ። እኔም አንዴ ወፍጮ ቤት ውስጥ አብርቼው፣ አየር ላይ ያለው ዱቄት ሁሉ ነጭ ነጥብ ሆኖ ወጣ። በረዶ የጣለ ነው የሚመስለው! የቆመ ማሽን አይሮጥብሽም፤ የብርሃን ስሜቱን (አይኤስኦ) 100 አድርገሽ፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ብርሃን እንዲያስገባ ስጪው።

አሁን ወደ እንጀራሽ። የማሽን ገዢ ውበት አይፈልግም። የአምራቹን ስም፣ የተሠራበትን ዓመት፣ የሞተሩን ኪሎዋት የያዘችውን፣ ማሽኑ ላይ የተለጠፈችውን የብረት ሳህን ማየት ይፈልጋል። ኩሽኔታው የት እንደተበላ፣ የቱ ጋ እንደተበየደ ማየት ይፈልጋል። ፒያሳ ያለ ፎቶ ቤት ይህን ከየት ያውቀዋል? አንቺ የምታውቂው ትምህርት ቤት ስላለሽ ነው። ቶርኖ ቤት፣ ብረት በሚቀረጽበት፣ ለሚሠራ ዕቃ ደግሞ ከጎኑ ሜትር አስቀምጪ፤ ራቅ ብለሽ በዙም አንሺው፣ ቅርጹ እንዳይዛባ።

ኮምቦልቻ ከጨርቃ ጨርቁ እስከ ብረታ ብረቱ ፋብሪካ አላት፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክም አለ። ለትብብር ሥልጠና ስትወጪ አንድ ማሽን ሲፈታ እያንዳንዱን ደረጃ በፎቶ መዝግቢ። ፈቃዱን በደብዳቤ ያዢ፣ አለዚያ ጥበቃው ካሜራሽን በር ላይ ያስቀረዋል። መዝገቡን ለጥገና ኃላፊው አሳዪው። ሥራ ስትጠይቂ ከዲፕሎማሽ ጋር የምታቀርቢው እሱን ነው። የሚሠራ ማሽን አጠገብ ግን የካሜራውን ማንገቻ ከአንገትሽ አውልቂ፣ ጸጉርሽንም እሰሪ።

ለወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ዛሬውኑ ደውይለትና ወፍጮው በማይሠራበት ሰዓት በነፃ ልድገምልህ በይው። እርጥብ ጨርቅ ይዘሽ ሂጂ። ያቺ ሳህን ዱቄትና ቅባት ጠጥታ ይሆናል፤ ሳትወለውያት እንዳታነሺ።